ዳሌን የሚለካው ምጡ ነው፦ ስለ ተገታ ምጥ

በአገራችን አንዲት እናት በሰላም ስትገላገል ጠያቂዎቿ ከደጃፏ ደርሰው የሚሏት የመጀመሪያው ቃል «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚል ነው። ዘወትር ስለምንሰማው ልብ አንለውም እንጂ አባባሉ ከባድ ነው፤ ምሕረት የሚደረግለት ፍርድ ተንጠልጥሎበት የነበረ ሰው ነውና። ይህን ቃል ያወረሱን ሰዎች ወሊድን ከደስታነቱ አስቀድመው ከሞት እንደ ማምለጥ ይቆጥሩት ነበር ማለት ነው። መቁጠራቸውም ያለ ምክንያት አልነበረም። በ2000 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በሕይወት ከሚወለዱ 100,000 ሕፃናት አንጻር 871 እናቶች ከእርግዝናና ከወሊድ ጋር በተያያዘ ምክንያት እንደሚሞቱ ገምቶ ነበር፤ የ2016ቱ ተመሳሳይ ጥናት ግምቱን ወደ 412 ዝቅ አድርጎታል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እናቶችን ከሚገድሉት ምክንያቶች አንዳንዶቹ ድንገተኞች ናቸው። ከወሊድ በኋላ የሚከሰት የደም መፍሰስ በጥቂት ሰዓታት፣ አንዳንዴም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ሕይወት ይቀጥፋል። የተገታ ምጥ ግን ከእነዚህ ይለያል። ቀስ ብሎ፣ ሰዓት በሰዓት፣ ቤተሰብና ጎረቤት እያየው ይመጣል። ማኅፀን በኃይል እየተኮማተረ ሳለ ጽንሱ ሊያልፈው በማይችለው ስፍራ ቆሞ ሲቀር ምጡ ተገታ እንላለን። ይህን ከተራዘመ ምጥ ጋር አንድ አድርጎ ማየት የተለመደ ስሕተት ነው። መራዘም የሚለካው በሰዓት ሲሆን መንስኤውም ልዩ ልዩ ነው፤ ለምሳሌ የማኅፀኑ መኮማተር ሲደክም ምጥ ይራዘማል፤ ይህም ብዙውን ጊዜ በመድኃኒት ይረዳል። መገታት ግን የመካኒክስ ጉዳይ ነው፤ አንድ ጠጣር አካል ከእርሱ በጠበበ ቀለበት ውስጥ እንዲያልፍ ሲገፋ የሚሆነው ነው። እዚህ ላይ የሚገፋውን ኃይል መጨመር መፍትሔ አይሆንም፤ እንዲያውም በኋላ እንደምናየው ጥፋት ያስከትላል።

የታጠፈው መተላለፊያ

የሴት ዳሌ ከላይ እስከ ታች አንድ ወጥ የሆነ ቀዳዳ አይደለም። መግቢያው ከግራ ወደ ቀኝ 13 ሴንቲ ሜትር፣ ከፊት ወደ ኋላ 11 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ በጎኑ ይሰፋል። መውጫው በተቃራኒው ከፊት ወደ ኋላ ይሰፋል። በመካከል ደግሞ ከግራና ከቀኝ ወደ ውስጥ ሾጠጥ ብለው የሚገቡ ሁለት የአጥንት ጉጦች አሉ፤ በእነርሱ መካከል ያለው ርቀት 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን ከመተላለፊያው ሁሉ ጠባቡ ስፍራ ይኸው ነው። በዚህ ላይ መንገዱ ቀጥ ያለ ሳይሆን ወደ ፊት የታጠፈ ነው።

በዚህ መንገድ ማለፍ ያለበት የጽንሱ ራስ፣ ወሩ በገባ ጊዜ፣ ከአንዱ ጎን እስከ ሌላው 9.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት አለው። ሌላው ልኩ ግን የሚወሰነው በአንገቱ አቀማመጥ ነው። አገጩን ደረቱ ላይ ከደፋ ወደ መተላለፊያው የሚያቀርበው ርዝመት ያው 9.5 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። አንገቱን ቀጥ ካደረገ 11.5 ይደርሳል። ቀና ብሎ ግንባሩን ካስቀደመ ደግሞ 13.5 ይሆናል፤ ይህም በየትኛውም በኩል ከዳሌው መግቢያ ይበልጣል። ልጁ ያው ልጅ፣ እናቲቱም ያቺው እናት ሆነው ሳለ የአንገት መታጠፍ ብቻ የ4 ሴንቲ ሜትር ልዩነት አመጣ ማለት ነው። አንገተ ጠባብ ሹራብ ስናጠልቅ ሳናስበው አገጫችንን ወደ ደረታችን የምንደፋው በዚሁ ምክንያት ነው።

ራሱ ወደ ዳሌው ሲገባ ፊቱን ወደ እናቱ ጎን ያዞራል፤ በዚያ በኩል ሰፊ ነውና። ወደ መካከሉ ሲወርድ ይሽከረከርና ፊቱን ወደ እናቱ ጀርባ ያደርጋል፤ በመጨረሻም ቀና እያለ ይወጣል። በጉዞው ሁሉ የራስ ቅሉ አጥንቶች ይረዱታል። እነዚህ አጥንቶች በመወለጃ ጊዜ ገና አልተዋሐዱም፤ እርግብግቢት የምንለው ለስላሳ ቦታም በመካከላቸው የቀረ ክፍተት ነው። ግፊት ሲበዛባቸው ጠርዞቻቸው አንዱ በሌላው ላይ ይነባበርና ራሱ ጥቂት ሚሊ ሜትሮች ይጠባል። አራስ ልትጠይቁ ገብታችሁ የሕፃኑ ራስ ሾጠጥ ብሎ ብታዩ የዚህ ጉዞ አሻራ መሆኑን ዕወቁ፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይስተካከላል።

ለመሆኑ መንገዱ ይህን ያህል ለምን ጠበበ? አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ሸርውድ ዎሽበርን በ1960 የሰጠው ማብራሪያ ለብዙ ዘመን ተቀባይነት አግኝቶ ቆይቷል። በሁለት እግር መሄድ ዳሌውን አጠበበ፤ አንጎል ደግሞ አደገ፤ በሁለቱ መካከል የተያዘው ልደት አስቸጋሪ ሆነ የሚል ነው። የዚህ ታሪክ ምስክሮች ከአገራችን ምድር የወጡ መሆናቸው ለእኛ ልዩ ትርጉም አለው። በ1974 ሐዳር ላይ የተገኘችው የ3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ድንቅነሽ ዳሌዋ ወደ ጎን በጣም ሰፊ፣ ከፊት ወደ ኋላ ግን ጠባብ ነበር። በ2001 በአፋር ጎና ተገኝቶ በ2008 ይፋ የተደረገው፣ ዕድሜው 1.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው የተባለው የሴት ዳሌ ደግሞ መተላለፊያው ሰፊ ሆኖ ተገኝቷል፤ ያገኙት ተመራማሪዎች ትልቅ ራስ ያለው ሕፃን እንዲያልፍበት የተስማማ ነው ሲሉ አብራርተዋል፤ የየትኛው ዝርያ እንደሆነ ግን ክርክር ተነሥቶበታል። የዎሽበርንም ሐሳብ ቢሆን በ2012 ብርቱ ተቃውሞ ገጥሞታል፤ የልደትን ጊዜ የሚወስነው የዳሌው ስፋት ሳይሆን እናት ለጽንሱ ልታቀርበው የምትችለው የኃይል መጠን ነው የሚሉ ተመራማሪዎች ተነሥተዋል። ክርክሩ ገና አልተዘጋም። ምጥ ላይ ላለችው ሴት ግን ከሚሊዮን ዓመታቱ ይልቅ የራሷ ልጅነት የበለጠ ሳይወስን አይቀርም።

አስቀድሞ የማይታወቀው

በልጅነቷ በቂ ምግብ ያላገኘች ወይም በሪኬትስ የተያዘች ልጅ ዳሌዋ ሳይሰፋ ወይም ቅርጹ ተበላሽቶ ሊቀር ይችላል። የዳሌ አጥንት ዕድገት ከቁመት ዕድገት በኋላም የሚቀጥል በመሆኑ በ14 ወይም በ15 ዓመቷ የምታረግዝ ልጅ ቁመቷ ትልቅ ሰው ቢያስመስላትም መተላለፊያዋ ገና አልተጠናቀቀም። በ2000 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 ያደረገው በብዙ ምክንያት ነው፤ ይህ የአጥንት ጉዳይ ግን ከምክንያቶቹ ሁሉ ለክርክር የማይመቸው ይመስለኛል። ከዳሌው ሌላ የጽንሱ አቀማመጥም ምጥን ይገታል። ጽንሱ በአግድሞሽ ተኝቶ ትከሻውን ወይም እጁን ሲያስቀድም፣ ግንባሩን ሲያስቀድም፣ ወይም በራሱ ውስጥ ውሃ ተጠራቅሞ ራሱ ከልክ በላይ ሲያድግ ምጡ ባለበት ይቆማል።

እንግዲህ መንስኤዎቹ ከታወቁ አደጋ የሚደርስባቸውን ሴቶች አስቀድሞ ለይቶ ማዳን አይቻልም ወይ? በ20ኛው መቶ ዘመን የሕክምና ሰዎች ይህን ጥያቄ አጥብቀው ይዘውት ነበር። ዳሌን በውጭ በኩል በመለኪያ ለኩ፤ በኋላም በኤክስሬይ አንስተው በሚሊ ሜትር ቆጠሩ። ውጤቱ ግን አላረካም። ጠባብ የተባለ ዳሌ ያላቸው ሴቶች በሰላም ሲወልዱ፣ በቂ የተባለላቸው ሲቸገሩ ታየ። ጨረሩ በጽንሱ ላይ ያለው ጉዳት ሲታወቅ ደግሞ አሠራሩ ቀረ። ቁመትም ቢሆን ፍንጭ እንጂ ፍርድ አይሰጥም፤ አጫጭር ሴቶች አደጋቸው ከፍ ቢልም አብዛኞቹ ያለ ችግር ይወልዳሉ።

ምክንያቱ ከላይ ባየነው ውስጥ አለ። ጽንሱ አገጩን ምን ያህል እንደሚደፋ፣ የራሱ አጥንቶች ምን ያህል እንደሚነባበሩ፣ በእርግዝና ሆርሞኖች የላሉት የዳሌ መጋጠሚያዎች ምን ያህል እንደሚለጠጡ፣ ማኅፀኑም ምን ያህል እንደሚገፋ የሚታወቀው ምጡ ሲጀምር ብቻ ነው። ከምጥ በፊት የተወሰደ ልኬት ሁሉ የቆመን መኪና አይቶ ፍጥነቱን እንደ መገመት ነው። ስለዚህ ዳሌን የሚለካው ምጡ ራሱ ነው፤ ሜትሩም ሰዓት ነው።

ከዚህ የሚከተል አንድ ነገር በየቤቱ ሊታወቅ ይገባዋል። «የመጀመሪያውን በሰላም ወልዳለች፣ አሁን ምን ያስፈራታል?» የሚለው አነጋገር ዋስትና የለውም። ቀጣዩ ልጅ ከበፊቱ የሚከብድ ሊሆን ይችላል፤ አቀማመጡም የራሱ ነው። እንዲያውም ብዙ የወለደች እናት ምጧ ሲገታ የሚደርስባት አደጋ ከመጀመሪያዋ ወላጅ ይከፋል።

ሰዓቱ ሲያልፍ

ማኅፀን ጡንቻ ነው፤ ነገር ግን ሁሉም ክፍሉ አንድ ዓይነት ሥራ አይሠራም። በምጥ ጊዜ የላይኛው ክፍል በተኮማተረ ቁጥር እያጠረና እየወፈረ ሲሄድ የታችኛው ክፍል እየተሳበ ይሳሳል። ጽንሱ ከወረደ ችግር የለም። ካልወረደ ግን ላዩ መወፈሩን፣ ታቹ መሳሳቱን ይቀጥላል፤ በመካከላቸው ያለው ወሰን ከሆዷ በላይ በዓይን የሚታይ ቀለበት መስሎ ወደ እምብርቷ ይወጣል። ይህን ምልክት በ1875 የገለጸው የቪየናው ሐኪም ሉድቪክ ባንድል ስለሆነ የባንድል ቀለበት ይባላል። ቀለበቱ ከታየ ማኅፀኑ ለመቀደድ ተቃርቧል።

የመጀመሪያ ልጇን የምታምጥ ሴት ማኅፀን በዚህ ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ይደክምና መኮማተሩን ያቆማል። ብዙ የወለደች እናት ማኅፀን ግን እስኪቀደድ ድረስ ይታገላል። በተቀደደ ቅጽበት ያ የማያቋርጥ ምጥ ጸጥ ይላል። በዙሪያዋ ያሉት «ተመስገን፣ ዐረፈላት» ይሉ ይሆናል፤ በዚያች ሰዓት ግን ደሟ ወደ ሆዷ ውስጥ እየፈሰሰ ነው። ሆድን ማሸትና መጫን፣ ወይም መገታቱ ሳይጣራ ምጥ የሚያፋፍመውን ኦክሲቶሲን የተባለ መድኃኒት መስጠት አደገኛ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ አጥንቱን አያሰፉትም፣ የሳሳውን ጡንቻ ግን ይቀድዱታል።

ጽንሱም የራሱ ሰዓት አለው። ማኅፀን በተኮማተረ ቁጥር ወደ እንግዴ ልጁ የሚሄደው ደም ለጊዜው ይቋረጣል፤ ጽንሱ ኦክሲጅን የሚያገኘው በሁለት መኮማተር መካከል ባለው ዕረፍት ነው። ዕረፍቱ እያጠረ ሲሄድ ይታፈናል። የእንሽርት ውሃው ከፈሰሰ ከቆየ ደግሞ ጀርሞች ወደ ውስጥ ይገቡና እናትንም ልጅንም ይመርዛሉ። በዚህ መንገድ የምትሞት እናት በመዝገብ ላይ የምትሰፍረው ብዙ ጊዜ በደም መፍሰስ ወይም በኢንፌክሽን ስም ነው። የተገታ ምጥ በእናቶች ሞት ስታትስቲክስ ውስጥ ከእውነተኛ ልኩ አንሶ የሚታየው በከፊል ለዚህ ነው።

ከሞት የተረፈችውስ? የጽንሱ ራስ ከእናቲቱ ዳሌ የፊት አጥንት ጋር ተጋጥሞ ሲቆም በሁለቱ መካከል የሚደቀቀው የሽንት ፊኛዋና የብልቷ ግድግዳ ነው። በጥቃቅን የደም ሥሮች ውስጥ ያለው ግፊት ወደ 30 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ሲሆን ጠንካራ ምጥ በማኅፀን ውስጥ የሚፈጥረው ግፊት ከ50 ይበልጣል። በደኅናው ምጥ ግፊቱ መጥቶ ስለሚሄድ ደሙ ይመለሳል። የተሰነቀረ ራስ ግን አይለቅም፤ ደም ያላገኘው አካል ይሞታል። ልጁ በአብዛኛው ሞቶ ይወለዳል፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ የሞተው ሥጋ ይነሳና ቀዳዳ ይተዋል፤ ሽንቷም ያለ ፈቃዷ ሌትና ቀን መፍሰስ ይጀምራል። ይህ ፊስቱላ ነው። ራሱ ሰገራ የሚያልፍበትን አንጀት ተጭኖት ከሆነ በዚያም በኩል ይቀደዳል። በዳሌ ውስጥ የሚያልፉ ነርቮች ተጎድተው እግሯን ከቁርጭምጭሚቷ ማንሳት የሚያቅታትም አለች።

ጉዳቱ አዲስ አይደለም። ከ4,000 ዓመት ገደማ በፊት የኖረች ሄንሄኒት የተባለች የግብፅ ንጉሥ ሚስት የደረቀ አስከሬኗ በ20ኛው መቶ ዘመን ሲመረመር በፊኛዋና በብልቷ መካከል ሰፊ ቀዳዳ ተገኝቷል፤ ዳሌዋም ጠባብ ነበር። ቀዳዳውን በቀዶ ሕክምና የመጠገን ዘዴ የታወቀው በ1840ዎቹ በአሜሪካዊው ሐኪም ማሪዮን ሲምስ ሥራ ነው። ይህን ሙያ የተማረባቸው አናርካ፣ ቤትሲና ሉሲን የመሳሰሉ በባርነት የተያዙ ሴቶች መሆናቸው፣ ያለ ማደንዘዣም ደጋግሞ የቀደዳቸው መሆኑ ግን ሳይጠቀስ ሊታለፍ አይገባም።

ይህ ሁሉ የድህነት ውጤት ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ አንባቢ ቢኖር የእንግሊዝን ቤተ መንግሥት ይመልከት። በኅዳር 1817 የዙፋኑ ወራሽ ትሆናለች ተብላ ትጠበቅ የነበረችው ልዕልት ሻርሎት 50 ሰዓት ያህል አማጠች። ሐኪሟ ሰር ሪቻርድ ክሮፍት የዘመኑን ልማድ ተከትሎ ጣልቃ ሳይገባ ጠበቀ። ወንዱ ልጅ ሞቶ ተወለደ፤ ልዕልቲቱም ከሰዓታት በኋላ ሞተች፤ ሐኪሙ በጥቂት ወራት ውስጥ ራሱን ገደለ። የሚያሳዝነው ጽንስን ይዞ ለማውጣት የሚያገለግለው ፎርሴፕስ በዚያን ጊዜ የታወቀ መሣሪያ መሆኑ ነው። መሣሪያውን የፈለሰፈው የቻምበርለን ቤተሰብ ከመቶ ዓመት በላይ ለጥቅሙ ሲል በምስጢር ይዞት ነበር፤ ምስጢሩ ከወጣ ግን በሻርሎት ጊዜ ብዙ ዘመን አልፏል። ቀዶ ሕክምናስ? በ1817 ሆድን ከፍቶ ልጅ ማውጣት ለእናቲቱ ሞት ማለት ነበር፤ የተቀደደውን ማኅፀን በጥንቃቄ የመስፋትን አስፈላጊነት ጀርመናዊው ማክስ ዜንገር ያስተማረው በ1882 ነው።

ፀሐይና መስመር

በአፍሪካ የሚነገር፣ የሕክምና መጻሕፍትም ደጋግመው የሚያነሡት አንድ አባባል በምታምጥ ሴት ላይ ፀሐይ ሁለት ጊዜ መጥለቅ የለባትም ይላል። አባባሉ ሰዓት ነው፤ ጉድለቱ ምልክቶቹ እጅግ የተራራቁ መሆናቸው ነው። ሁለተኛዋ ፀሐይ እስክትጠልቅ ድረስ ፊኛው ሊሞት፣ ማኅፀኑም ሊቀደድ ይችላል።

ይህን ሰዓት ወደ ግራፍ የለወጠው አሜሪካዊው ኢማኑኤል ፍሪድማን ነው። በ1954 መቶ የመጀመሪያ ወላጆችን ተከታትሎ የማኅፀን በር በየሰዓቱ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሚከፈት በመስመር አሳየ። ግራፉን ሕይወት አድን መሣሪያ ያደረጉት ግን በዛሬዋ ዚምባብዌ ይሠሩ የነበሩት ፊልፖትና ካስል ናቸው። በዚያን ጊዜ ሐኪሞቹ ጥቂት ነበሩ፤ አዋላጆቹም ከሆስፒታል ርቀው በየጤና ጣቢያው ተበትነው ይሠሩ ነበር። የነበረባቸው ጥያቄ አዋላጇ እናቲቱን ወደ ሆስፒታል መላክ ያለባት መቼ ነው የሚል ነበር። በ1972 ባሳተሙት ሥራ በግራፉ ላይ ሁለት መስመሮች አሰመሩ። የመጀመሪያው የማንቂያ መስመር ሲሆን በሰዓት 1 ሴንቲ ሜትር የመከፈትን ፍጥነት ይከተላል። ሁለተኛው የእርምጃ መስመር ከእርሱ 4 ሰዓት ወደ ቀኝ ርቆ ይሄዳል። በሁለቱ መስመሮች መካከል ያለው ባዶ ቦታ የመንገድ ጊዜ ነው፤ ምጧ የመጀመሪያውን መስመር ያለፈች ሴት ሁለተኛው ሳይደርስባት ቀዶ ሕክምና ካለበት ስፍራ ትደርስ ዘንድ የተተወ 4 ሰዓት ነው።

ፓርቶግራፍ የሚባለው ይህ ወረቀት ከመስመሮቹ ሌላ የጽንሱን የልብ ምት፣ የእንሽርት ውሃውን መልክ፣ የራስ አጥንቶቹን መነባበር፣ ራሱም ከዳሌው በላይ ስንት አምስተኛው በእጅ እንደሚዳሰስ ይመዘግባል። አጥንቶቹ በብርቱ ተነባብረው ሳለ ራሱ አሁንም ከላይ ከተዳሰሰ ምጡ ተገትቷል ማለት ነው፤ ይህን ለማወቅ ከሠለጠነ እጅና ከጆሮ ሌላ የሚያስፈልግ ውድ መሣሪያ የለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ1990 እና 1991 በደቡብ ምሥራቅ እስያ በ8 ሆስፒታሎች 35,484 ሴቶችን ያካተተ ጥናት ሲያካሂድ ወረቀቱ ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ ከ18 ሰዓት በላይ የሚቆይ ምጥ ከ6.4 ወደ 3.4 በመቶ፣ ሞተው የሚወለዱትም ከ0.5 ወደ 0.3 በመቶ ወርደዋል።

ሳይንስ ግን በራሱ መስመር ላይም ይመለሳል። በናይጄሪያና በኡጋንዳ 13 ሆስፒታሎች የተካሄደውና በ2018 የታተመው ጥናት በሰዓት 1 ሴንቲ ሜትር ያልተከፈተላቸው ብዙ እናቶች ጤናማ ልጅ እንደወለዱ አሳየ። መስመሩ ለአንዳንዶቹ እጅግ የተቻኮለ ነበር፤ ይህም የማያስፈልግ ቀዶ ሕክምና ያመጣል። ስለዚህ በ2020 የወጣው የድርጅቱ አዲስ መከታተያ ወረቀት አንዱን ቀጥተኛ መስመር ትቶ ለየደረጃው የራሱን ገደብ ሰጠ፤ የማኅፀን በር 5 ሴንቲ ሜትር ላይ ሳለ እስከ 6 ሰዓት ይጠበቃል፣ 9 ላይ ሲደርስ ግን 2 ሰዓት ካለፈ ማስጠንቀቂያ ነው።

ከቤት እስከ ቀዶ ሕክምናው ክፍል

ሰዓት ሊቆጠር የሚችለው የሚቆጥር ሰው ካለ ነው። በ2000 በኢትዮጵያ በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች ከመቶ 5 ብቻ ነበሩ። በ2016 ወደ 26፣ በ2019 ወደ 48 ከፍ ብለዋል። ዕድገቱ ትልቅ ነው፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ የወረዳ አምቡላንሶች፣ ከ2009 ጀምሮም ሐኪም ላልሆኑ የጤና ባለሙያዎች የሚሰጠው የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና የማስተርስ ሥልጠና ድርሻ አላቸው። ሆኖም በ1994 ታዴየስና ሜይን የተባሉ ተመራማሪዎች የዘረዘሯቸው ሦስት መዘግየቶች ዛሬም ያገለግላሉ፤ ለመሄድ ለመወሰን መዘግየት፣ በመንገድ መዘግየት፣ ከተቋሙ ከደረሱ በኋላ ሕክምናውን ለማግኘት መዘግየት ናቸው። የፊልፖት 4 ሰዓት ለሁለተኛው መዘግየት የተተወ ነበር። ወንዝ በሞላበት ክረምት፣ መኪና በማይገባበት ቀበሌ 4 ሰዓት በቃሬዛ ከአንድ ዳገት አያሳልፍም።

ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ያለውን ሥራ አገራችን ለዓለም አስተምራለች ማለት ይቻላል። በ1959 አዲስ አበባ የመጡት ሬጂናልድና ካትሪን ሀምሊን በ1974 የመሠረቱት የፊስቱላ ሆስፒታል ከባሕር ዳር፣ ከመቀሌ፣ ከይርጋለም፣ ከሐረርና ከመቱ ቅርንጫፎቹ ጋር ከ60,000 በላይ ሴቶችን አክሟል። በ1962 በሕመምተኝነት ወደ ሐኪሞቹ የመጡት ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ መደበኛ ትምህርት ሳይኖራቸው ቀዶ ሕክምናውን ተምረው ሐኪሞችን እስከ ማሠልጠን ደርሰዋል። በ2020 ያረፉት ዶክተር ካትሪን በ2007 የአዋላጆች ኮሌጅ የከፈቱት ቀዳዳ መስፋት ብቻውን ማብቂያ እንደሌለው ስለተገነዘቡ ነው፤ ከገጠር የሚመለመሉት ተማሪዎች ተመርቀው ወደየመጡበት ይመለሳሉ።

አስቀድሞ የማይታወቅን አደጋ ለመከላከል ቀላሉ ዘዴ ምናልባት እናቲቱን ከምጧ በፊት ወደ ሰዓት ቆጣሪው ማቅረብ ነው። በጉራጌ የሚገኘው የአጣጥ ሆስፒታል በ1976 በግቢው ውስጥ የእናቶች ማቆያ ቤት ሠራ። ከሩቅ የሚመጡና ሥጋት ያለባቸው ነፍሰ ጡሮች መውለጃቸው ሲቃረብ መጥተው በዚያ ይሰነብታሉ። ከ1987 እስከ 2008 በሆስፒታሉ የተመዘገቡ 24,148 ወሊዶች ሲጠኑ፣ በማቆያው ሰንብተው ከወለዱት መካከል የእናቶች ሞት በ100,000 ወደ 90 ሲሆን በቀጥታ ከመጡት መካከል 1,333 ሆኖ ተገኘ። ሞተው የተወለዱት ከ1,000 በመጀመሪያዎቹ ዘንድ ወደ 18፣ በሁለተኞቹ ዘንድ 191 ነበሩ። ቁጥሮቹን ስናነብ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በቀጥታ ከመጡት ብዙዎቹ ቤታቸው ሲያምጡ ቆይተው ነገሩ ከከፋ በኋላ የደረሱ ስለሆኑ ልዩነቱን ሁሉ ማቆያው አመጣው አይባልም። ቢሆንም ቤታቸው ሲያምጡ መቆየታቸው ራሱ ማቆያው ሊያስቀረው የሚችለው ነገር ነው።

ዛሬ እንዲህ ያሉ ማቆያዎች በብዙ ጤና ጣቢያዎች ግቢ አሉ፤ አልጋቸው ግን ሁልጊዜ ሙሉ አይደለም። ትንንሽ ልጆች፣ ላምና ጎጆ ያላት እናት ሁለት ሳምንት ቤቷን ለማን ትታ ትሰነብታለች? ባልየው እህል ይፈጫል ወይስ ጎረቤት? በማቆያውስ ማን ያበላታል? ለመጨረሻው ጥያቄ አንዳንድ ቀበሌዎች የራሳቸውን መልስ ሰጥተዋል። ነዋሪው በየመከሩ እህልና ቅቤ ያዋጣል፤ ሴቶቹም በጤና ጣቢያው ግቢ እሳት አንድደው፣ አራስ በቤቷ የምትበላውን ገንፎ እዚያው ያገነፋሉ።